ፓይተን ላይ ፓንዳስን ተጠቅሜ ስጨርስ ከራም ማስወጣት ይቻላል?

ቢንያም፦ ሰላም ለሁላችሁ። አነስተኛ ሰርቨር ላይ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የፓይተን ፕሮግራም አለኝ። ፓንዳስ (የሰንጠረዥ መረጃ ማሰናጃ የፓይተን ላይብረሪ) የሚያስፈልገው ማታ ማታ የሽያጭ ሪፖርት ለማውጣት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ግን የያዘውን ራም አይለቅም። «ዴል ፓንዳስ» ብዬ ጻፍኩ፤ የማያስፈልገውን ከራም የሚያጸዳውን ጋርቤጅ ኮሌክተሩንም በእጄ ጠራሁት፤ ወይ ፍንክች! ሲያስፈልግ የሚገባ፣ ሲያበቃ የሚወጣ ላደርገው እችላለሁ?

ሰላማዊት፦ ማስገባቱ ቀላል ነው። ኢምፖርቱን (ፓንዳስን የሚጠራውን መስመር) ከፋይሉ አናት አንሥተህ ሪፖርት የሚሠራው ፋንክሽን ውስጥ አስገባው። መጀመሪያ ሲጠራ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ፓይተን የተጫነውን ሞጁል (የኮድ ጥቅሉን) ይሰጥሃል እንጂ ፋይሉን እንደገና አያነብም። ጣጣው ማስወጣቱ ላይ ነው። «ዴል» የሚያጠፋው ስሙን ብቻ ነው፤ ሞጁሉ «ሲስ ሞጁልስ» በሚባለው መዝገብ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

ዳዊት፦ ከመዝገቡም ቢሰርዘውስ? እኔ ራሴ የጻፍኳቸውን ሞጁሎች እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ምንም አልሆኑም።

ሰላማዊት፦ በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ፣ ሌላ የሚይዘው የሌለ ትንሽ ሞጁል ከሆነ ይሄድልሃል። ፓንዳስ ግን ነምፓይ የሚባለውን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ አስከትሎ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱም ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየረ ኮድ አላቸው። ያ ኮድ አንዴ ከገባ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ አይወጣም። ነምፓይን ሰርዞ መልሶ መጫን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጦስ ያመጣል።

ግርማ፦ ቢንያም፣ ማስወጣቱን ለኡቡንቱም ሆነ ለዊንዶውስ ተወው። «መልቲፕሮሰሲንግ» በሚባለው ሞጁል ሪፖርቱን ራሱን በቻለ ፕሮሰስ (የራሱን ራም ይዞ ለብቻው በሚሠራ ፕሮግራም) አሠራው፤ ኢምፖርቱም እዚያው ውስጥ ይሁን። ፕሮሰሱ ሲዘጋ የያዘው ራም በሙሉ ይመለሳል። «ፑል» (ሥራ እየተቀበሉ የሚጠብቁ ፕሮሰሶች ስብስብ) የምትጠቀም ከሆነ አንድ ፕሮሰስ ስንት ሥራ ሠርቶ እንደሚዘጋ የሚወስነውን «ማክስ ታስክስ ፐር ቻይልድ» 1 አድርገው፤ አለዚያ ፕሮሰሱ ሥራውን ጨርሶም ፓንዳስን ታቅፎ ይቀመጣል። ደግሞ ዋናው ፕሮግራም የሚጠራቸውን ፋይሎች ሁሉ ፈትሽ። አንዱ አናቱ ላይ ፓንዳስን ከጠራ ዋጋ የለውም።

ቢንያም፦ ጋሽ ግርማ፣ ሰንጠረዡን ከፕሮሰሱ ተቀብዬ ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ባሰናዳውስ?

ግርማ፦ እንዳታደርገው! የፓንዳስ ሰንጠረዥ ታሽጎ ነው የሚላከው፤ ዋናው ፕሮግራም እሽጉን ለመፍታት ፓንዳስን ይፈልጋል፤ ፓይተንም አንተን ሳይጠይቅ እዚያው ይጭነዋል። ድካምህን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። የኤክሴል ፋይሉን ፕሮሰሱ ራሱ ይጻፈው፤ የሚመልስልህ ፋይሉ ያለበትን ቦታ ብቻ ይሁን።

ቢንያም፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ፕሮሰሶችንና የያዙትን ራም በሚያሳየው «ቶፕ» እያየሁት ነው፤ ሁለተኛው ፕሮሰስ ተነሥቶ ራሙን ይይዛል፣ ሪፖርቱ ሲያልቅ ይጠፋል። ዋናው ንቅንቅ አላለም።