ሄድፎን አምፕሊፋየር ሠራሁ፤ ሄድፎኑ ሲሰካ ግን ድምፁ ወዲያው ይበላሻል

የጅማት_ድምፅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጀርመን ያለው አጎቴ ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ሄድፎን ላከልኝ፤ 250 ኦም የሆነውን። ብዙ ጊዜ የምሰማው የበገናና የመሲንቆ ቅጂ ነው፣ አንዳንዱን ራሴ የቀዳሁት። በስልኬ ስሰማው ግን ድምፁ በጣም ዝቅ ይላል፣ ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ከፍቼም አይበቃኝም። ስለዚህ አምፕሊፋየር ለመሥራት ተነሳሁ።

የመረጥኩት ብዙ ጀማሪ የሚሠራውን ሲሞይ የሚባለውን ንድፍ ነው። ኃይሉ ከአንድ የ9 ቮልት ባትሪ ይመጣል። ሁለት 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ባትሪውን መሃል ለመሃል ይከፍሉታል፤ ከእያንዳንዳቸው ጎን 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። መግቢያው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ የሚወርድ 100 ኪሎ ኦም። ፊድባኩ (ከመውጫው ወደ ቺፑ መግቢያ የሚመልሰው የሬዚስተር ጥንድ) 10 ኪሎና 1 ኪሎ ስለሆነ 11 እጥፍ ያጎላል። ንድፉ የሚጠይቀው ቺፕ ኦፒኤ2134 ነው። መርካቶ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁት። የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ስለሆነ ኤንኢ5532 ገዛሁ።

ችግሩ ይኸውና። ሄድፎን ሳይሰካ መውጫውን በዲሲ ስለካ ግራው −0.19 ቮልት፣ ቀኙ −0.21 ቮልት ያሳያል። ሄድፎኑን ስሰካ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ ይሻክርና ይታፈናል። ሶልደሩን በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው። ሌላ ቺፕ ብቀይርም ያው ነው። በገና ስሰማ ደግሞ ሻካራው ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ይምጣ ከበገናው መለየት አልቻልኩም። ቺፑ ፎርጅድ ይሆን? ወይስ 5532 ለዚህ ሥራ አይሆንም?


ባለሶልደር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለካህልን አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ ብቻ ነው የሚጽፈው። አንተ የሰጠኸን ሁለት ቁጥሮች መልሱን ይዘውታል።

ሁለቱም ቻናል ወደ ኔጌቲቭ ነው የሄዱት፤ ሁለቱም ደግሞ 0.2 ቮልት አካባቢ ናቸው። የሞተ ቺፕ ወይም ያልያዘ ሶልደር ግራና ቀኙን እንዲህ እኩል አያደርግም። ስለዚህ ቺፕህ ደህና ነው፤ እንዲያውም የ5532 ጠባይ በትክክል እያሳየህ ነው።

5532 መግቢያው ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች ኤንፒኤን የሚባለው ዓይነት ናቸው። እነሱ እንዲሠሩ ትንሽ ከረንት ከውጭ መሳብ አለባቸው፤ በተለምዶ 200 ናኖአምፔር ገደማ። ይህ ከረንት የሚመጣው በዚያ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ነው። 200 ናኖአምፔር በ100 ኪሎ ሲባዛ 20 ሚሊቮልት ነው፣ ያውም ከግራውንድ በታች። አንተ ደግሞ ያንን 11 እጥፍ ታጎላዋለህ፤ 220 ሚሊቮልት። መልቲሜትርህ ያነበበው እሱን ነው። ኦፒኤ2134 ግን መግቢያው ፌት የሚባለው፣ ከረንት የማይስብ ያህል የሆነው የትራንዚስተር ዓይነት ነው፤ የሚስበው ፒኮአምፔር ስለሆነ 100 ኪሎ ኦም ቢቀመጥበትም ምንም አይታይም። ንድፉ ላይ 100 ኪሎ የተጻፈው ለእንደዚያ ዓይነት ቺፕ ታስቦ ነው። እግራቸው አንድ ነው፣ የሚፈልጉት ሬዚስተር ግን አንድ አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ሰከንዷ እንምጣ፤ እኔን በጣም የሳበችኝ እሷ ናት። 0.2 ቮልት በ250 ኦም ውስጥ 0.8 ሚሊአምፔር ያህል ያስኬዳል፣ ለሁለቱ ጆሮ 1.6። ሄድፎኑን አያቃጥልም። ግን ይህ ከረንት የሚመጣው ከየት ነው? ከመሃሉ፣ ሁለቱ 4.7 ኪሎ ከሚገናኙበት ከሰው ሠራሽ ግራውንድህ ነው። ያ ነጥብ በዲሲ ሲታይ ከኋላው 2.35 ኪሎ ኦም እንዳለው ይቆጠራል። 1.6 ሚሊአምፔር ሲሳብበት በስሌት ወደ 3.8 ቮልት ይወርዳል፤ ያለው ግን 4.5 ብቻ ነው! በተግባር ቺፑ ከታች በኩል መውረጃ እስኪያጣ ድረስ ይንሸራተትና እዚያ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የድምፁ ታችኛ ግማሽ ይቆረጣል። ለምን ወዲያው አይሆንም ካልክ፣ ሁለቱ 220 ማይክሮፋራድ እስኪራገፉ ነው፤ 440 ማይክሮፋራድ በ2.35 ኪሎ ሲባዛ አንድ ሰከንድ ይሰጥሃል። ያቺ የሰማሃት ጥርት ያለች ሰከንድ የካፓሲተሮቹ ናት።

እኔን ከማመንህ በፊት ለካ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን መሃሉ ላይ አድርግ። ሄድፎን ሳይሰካ ከባትሪው ግማሽ፣ ሲሰካ ከ2 ቮልት ያልራቀ ነገር ማየት አለብህ። ካላየህ የነገርኩህ ሁሉ ይቅርና ሌላ እንፈልጋለን።

ካየህ ግን ሦስት ዕቃ ትቀይራለህ። 100 ኪሎውን ወደ 22 ኪሎ አውርደው። ወፍራሙ ድምፅ እንዳይቀንስ መግቢያውን 0.1 ወደ 1 ማይክሮፋራድ ከፍ አድርገው፣ ፕላስቲኩን የፊልም ዓይነት ግዛ፤ መቁረጫው፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ መቀነስ የሚጀምርበት፣ 7 ኸርዝ ገደማ ይሆናል፣ ከበፊቱ 16 ይሻላል። የፊድባኩን 10 ኪሎ በ2.2 ኪሎ ተካ፤ ማጉላቱ ወደ 3.2 ይወርዳል። ያኔ መውጫው ላይ የሚቀርህ 14 ሚሊቮልት አካባቢ ነው።

ማጉላቱ 3.2 ይበቃል ወይ እንዳትል ሒሳቡን እነሆ። ፋብሪካው ለዚህ ሄድፎን የሚሰጠው 96 ዴሲቤል በ1 ሚሊዋት ነው። 1 ሚሊዋት በ250 ኦም 0.5 ቮልት ነው። ለአፍታ ብቻ ብቅ የሚለው ጫፍ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ 25 ሚሊዋት ትፈልጋለህ፣ እሱም 2.5 ቮልት፤ ከዚያ በላይ ለጆሮህም አይበጅ። ስልክህ 1 ቮልት ቢያወጣ በ3.2 ሲጎላ አልፎ ይሄዳል። 11 እጥፍ የሚጠቅምህ ከኋላ ያለውን ሽሽታ ለማጉላት ብቻ ነው።

ስለ በገናው፤ ለመፈተሻ አትጠቀምበት። ከጅማቱና ከድልድዩ መካከል የሚገባው ቆዳ የሚያመጣው ንዝረት ራሱ በተደራራቢ ድምፅ የተሞላ ነው፤ ትንሽ ዲስቶርሽን ቢጨመርበት ሊቃውንቱም ላይለዩት ይችላሉ። ብቻውን የሚዘምር የሰው ድምፅ ወይም ዋሽንት ስማበት። ዋሽንት ላይ ትንሿም መሻከር ወዲያው ትጋለጣለች። በገናውን መጨረሻ ላይ፣ ለደስታህ ስማው።


ፊውዝ

ሰላም። ሐዋሳ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ባለሶልደር ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን የ9 ቮልቱን ባትሪ ዝም ማለት የለብንም። 2.5 ቮልት ማለት ጫፉ ላይ 3.5 ቮልት ነው፣ ወደላይም ወደታችም። 5532 ከባትሪው ግማሽ ላይ በየጎኑ ወደ 2 ቮልት ለራሱ ያስቀራል፤ አዲስ ባትሪ ቢሆን እንኳ ለጫፉ የሚተርፈው 2.5 ነው፣ 3.5 አይደርስም። ቺፑ ራሱ ያለ ሥራ 8 ሚሊአምፔር ስለሚበላ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል።

እህትህ የምትመክርህ የላፕቶፕ ቻርጀር ነው፣ 19 ቮልቱን። ላፕቶፑ ሞቶ ቻርጀሩ የቀረበት ሰው አይጠፋም። ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መብራቱ ቢወርድም ግድ የለውም። መሃሉን ስትከፍለው በየጎኑ 9.5 ታገኛለህ። 4.7 ኪሎዎቹን ወደ 1 ኪሎ አውርድ፣ ካፓሲተሮቹን 1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት አድርግ። 220 ቮልቱ ቻርጀሩ ውስጥ ታሽጎ ስለሚቀር እጅህ ከእሱ ጋር አይገናኝም። ለመጀመሪያ ሥራ ለእኔ ይህ ከሁሉ ይበልጣል።


ባለሶልደር

ፊውዝ፣ የእጁን ነገር ማንሳትሽ መልካም ነው፣ እስማማለሁ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ብዙ ባለ ሦስት እግር ቻርጀር ኔጌቲቩ ከኧርዝ ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ ነገ ከስልኩ ነቅሎ ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው፣ የኮምፒውተሩም የድምፅ ግራውንድ ከኧርዝ ጋር ነው። ያኔ የሰው ሠራሽ ግራውንዱና የቻርጀሩ ኔጌቲቭ በድምፅ ገመዱ በኩል ይገናኛሉ፤ የታችኛው 9.5 ቮልት ይጠፋል። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ደግሞ ዛሬ የሠራው ሌላ ቤት ሲሰካ እምቢ ይላል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ብዙ ያለፋል። በባትሪ ከሚሠራ ስልክ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ምንም አይለውም።

ስለዚህ የጅማት_ድምፅ፣ ቀድሞ ከምን እንደምትሰማ ወስን። ከኮምፒውተርም ከሆነ እኔ መሃሉ እውነተኛ የሆነ ትራንስፎርመር እመርጣለሁ። ሱቅ ስትሄድ መጀመሪያ የሚሰጡህ 12-0-12 (ከመሃሉ በየጎኑ 12 ቮልት የሚያወጣው) ነው፤ አትውሰደው፣ 15-0-15 በል። ምክንያቱ ምጣድ ነው። እኔ ያለሁበት ደሴ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ሶኬቱ ላይ 180 ቮልት ለክቻለሁ። ያኔ 12-0-12 ከዳዮድ በኋላ 13 ቮልት አካባቢ ብቻ ይሰጥሃል፤ 7812 ሬጉሌተር (ቮልቱን 12 ላይ የሚያረጋጋው) ደግሞ 12 ለማውጣት 14 ተኩል ያህል ይፈልጋል። ሬጉሌተሩ ሲያቅተው ጉምጉምታው በቀጥታ ወደ ጆሮህ ያልፋል። ቀን ሠርተህ ፈትሸህ ደህና ያልከው ማታ ያጉረመርማል። 15-0-15 በዚያው 180 ላይ 16 ተኩል ይሰጣል፣ በ220ም ከ21 ብዙ አይበልጥም፤ 7812 እስከ 35 ይችላል። ማጣሪያው በየጎኑ 2200 ማይክሮፋራድ 35 ቮልት ይሁን።

ለኔጌቲቩ 12 ቮልት የሚሆነውን ሬጉሌተር፣ 7912ን፣ እንደ 7812 አትቁጠረው፣ እግሮቹ ይለያያሉ። ከፊት ስታየው 7812 ከግራ ጀምሮ መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው፤ 7912 ግን ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ። የ7912 የጀርባው ብረት ከመግቢያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከብረት ሳጥን ጋር በብሎን እንዳታስረው። እነሱ የሚያሞቁት ትንሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ ብረት አያስፈልጋቸውም።


የጅማት_ድምፅ

ጋሼ ባለሶልደር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ። መሃሉ ሄድፎን ሳይሰካ 4.4 ቮልት ነበር፤ ስሰካው ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወርዶ 1.8 ላይ ቆመ። እንዳሉኝ ሦስቱን ዕቃ በሁለቱም ቻናል ቀየርኩ። አሁን መውጫው ግራ −12፣ ቀኝ −14 ሚሊቮልት ነው፤ መሃሉም ሄድፎን ተሰክቶ ከ4 ቮልት አይወርድም።

የዋሽንት ቅጂ አሰማሁት። ንጹሕ ነው፣ ትንፋሹ ከድምፁ ቀድሞ ሲገባ እንኳ ይሰማል። ሽሽታውም ጠፍቷል። ከዚያ በገናውን አሰማሁት፤ የቆዳው ንዝረት ከጅማት ጅማት እንደሚለያይ እስከ ዛሬ በስልክ አይሰማኝም ነበር። ቮሊዩሙን በጣም ከፍ ሳደርገው ግን ጫፉ ላይ ይሻክራል፤ ይህ ፊውዝ ያልሽው የባትሪው ጥበት መሆኑ ገብቶኛል። የምሰማው ከኮምፒውተርም ስለሆነ ትራንስፎርመሩን እገዛለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ወንድሜ ተራ ባለ 32 ኦም ሄድፎን አለው። ይህንኑ ሊጠቀም ይችላል?


ባለሶልደር

ተባረክ፣ እንዲህ ለክቶ የሚመልስ ሰው ደስ ይለኛል።

ለ32 ኦሙ 5532 ብቻውን አይበቃም። ያኛው ሄድፎን የሚፈልገው ቮልት ትንሽ ቢሆንም ከረንት ብዙ ይጠይቃል፤ 5532 ደግሞ መውጫው በቀጥታ ከግራውንድ ጋር ቢገናኝም እንኳ የሚሰጠው 38 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፣ ወደዚያ ከመድረሱ በፊትም ድምፁ ይበላሻል። ዝግ አድርጎ ቢሰማ ይሠራለታል። እንዲጮህለት ከፈለገ ከቺፑ በኋላ የቢዲ139 እና ቢዲ140 ትራንዚስተር ጥንድ ይጨመራል፣ ፊድባኩም ከእነሱ በኋላ ይወሰዳል። መጀመሪያ ይህንን ጨርስ፣ እሱን በሌላ ርዕስ እንነጋገርበታለን። ቮሊዩም ከመክፈቱ በፊት ግን ሁልጊዜ ዲሲውን ለካ፤ 14 ሚሊቮልት ለ32 ኦምም ችግር የለውም፣ 200 ቢሆን ግን አልፈቅድለትም ነበር።

የ220ውን ጎን በተመለከተ፦ ፊውዙ 100 ሚሊአምፔር፣ ቀስ ብሎ የሚቆረጠው ዓይነት፣ ከማብሪያው በፊት ፌዙ ላይ ይግባ። የብረት ሳጥን ከሆነ ኧርዙ ሳጥኑ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ቤታችሁ ኧርዝ ከሌለው የፕላስቲክ ሳጥን ተጠቀም። ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ እንዳይጎተት እሰረው። ትራንስፎርመሩን ከመግቢያው ሽቦ አርቀህ አስቀምጠው፣ አለዚያ ሬጉሌተር ቢኖርም ጉምጉምታ በአየር ይገባል። ቺፑን ሳትሰካ መጀመሪያ 12 እና −12 መውጣታቸውን ለካ። ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት የሽቦውን ፎቶ ከላይም ከታችም አንስተህ እዚህ ለጥፈው፤ እኔም ፊውዝም እናየዋለን።


ፊውዝ

ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሳው፣ የዳዮዶቹ መስመር በየትኛው በኩል እንደሆነ እንዲታይ። የካፓሲተሮቹም የኔጌቲቭ ምልክት እንዲሁ ይታይ፤ በኔጌቲቩ ጎን ያለው 2200 ፖዘቲቭ እግሩ ወደ ግራውንድ ነው የሚገባው፣ ብዙ ሰው እሱን ይገለብጠዋል።