የ1995ቱ ኔብራስካ በእርግጥ ይህን ያህል ነበር?

ዘግይቶ_ደራሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ፉትቦል ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። የምንጊዜም ምርጥ የኮሌጅ ቡድን በተነሳ ቁጥር የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) ኔብራስካ ይጠራል። 12 ጨዋታ፣ 12 ድል፣ እሺ። ግን ሳይሸነፍ የጨረሰ ቡድን እኮ ሞልቷል፣ የ2001ዱ ማያሚም አልተሸነፈም። ይሄኛው ምኑ ይለያል? ደግሞ ያየኋቸው ቁርጥራጭ ቪዲዮዎች ላይ ኳሱን እምብዛም አይወረውሩም፣ ይዘው መሮጥ ብቻ ነው። እንዴት ማንም አላስቆማቸውም?

ያርድ_ቆጣሪ፦
ውጤቶቹን እያቸው። አሪዞና ስቴትን 77 ለ 28፣ አዮዋ ስቴትን 73 ለ 14፣ ሚዙሪን 57 ለ 0። ዓመቱን ሙሉ በጣም የተጠጋቸው ዋሽንግተን ስቴት ነበር፣ እሱም 35 ለ 21 ተሸንፏል። በቃ፣ ከ14 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ያሸነፉት ጨዋታ የለም! ደካማ እየመረጡ ነው እንዳትል ደግሞ፣ ዓመቱን ከምርጥ አስሮቹ ውስጥ ሆነው የጨረሱ አራት ቡድኖችን ደቁሰዋል፤ ፍሎሪዳን፣ ኮሎራዶን፣ ካንሳስ ስቴትንና ካንሳስን። ከአራቱ የተሻለ የሞከረው ኮሎራዶ ነው፣ እሱም በ23 ነጥብ ተበልጦ ወጣ።

ኦፕሽን_ወዳጅ፦
የሩጫውን ነገር እኔ ልመልስልህ። ኦፕሽን ይባላል። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ቶሚ ፍሬዚየር ኳሱን ይዞ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ዓይኑ ዳር ያለው ተከላካይ ላይ ነው። ተከላካዩ ወደ እሱ ከመጣ ኳሱን አጠገቡ ለሚሮጠው ያቀብለዋል፣ ወደዚያኛው ከሄደ ደግሞ ራሱ ይዞት ይገባል። ተከላካዩ የትኛውንም ቢመርጥ ተሳስቷል። ከፊት ያሉት ግዙፎች መንገዱን ጠርገው ከጠበቁህ ለምን ትወረውራለህ? ለዋንጫው በተደረገው ፊኤስታ ቦውል ፍሎሪዳም ሳይሸነፍ ነበር የመጣው፣ የመጀመሪያውን ሩብም 10 ለ 6 እየመራ ነው የጨረሰው። ሁለተኛው ሩብ ላይ ኔብራስካ 29 ነጥብ አገባ፣ ፍሎሪዳ ዜሮ። መጨረሻው 62 ለ 24፣ በሩጫ ብቻ 524 ያርድ። የፍሬዚየርን የ75 ያርድ ሩጫ ፈልገህ እይ። ያዙት፣ ተንጠለጠሉበት፣ ጥሏቸው ሄደ።

የማያሚ_ልጅ፦
እሺ ጥሩ ነው፣ ግን ከ2001ዱ ማያሚ ስብስብ ውስጥ 38 ተጫዋቾች በኤንኤፍኤል ድራፍት (የፕሮፌሽናል ሊጉ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት) ተመርጠዋል፣ 17ቱ በመጀመሪያው ዙር! ኤድ ሪድ፣ አንድሬ ጆንሰን፣ ሾን ቴይለር፣ ፍራንክ ጎር... ጎርን የሚያህል ሰው ቋሚ ተሰላፊ ያልነበረበት ቡድን ነው። ለዋንጫው ደግሞ ማንን አሸነፉ? ራሱን ኔብራስካን፣ 37 ለ 14።

ያርድ_ቆጣሪ፦
@የማያሚ_ልጅ የስድስት ዓመት በኋላው ኔብራስካ ምን አገባው እዚህ? በተጫዋች ጥራት አልከራከርህም፣ ማያሚ ይበልጣል። የተጠየቀው ግን ያ ወቅት ነው። እናንተ ቨርጂኒያ ቴክን በሁለት ነጥብ ነው ያመለጣችሁት፣ 26 ለ 24። ቦስተን ኮሌጅም መጨረሻ ላይ ሊያገባባችሁ ሲል ነው ኤድ ሪድ ኳሱን ከራሱ የቡድን ጓደኛ እጅ ነጥቆ ሮጦ የገላገላችሁ። የ95ቱን ደጋፊ እንዲህ ያስጨነቀ ጨዋታ አልነበረም።

ዝም_ያልኩት፦
የ95ቱን ኔብራስካ ዋና ኳስ ይዞ ሯጭ፣ ሎውረንስ ፊሊፕስን፣ ማንም አለማንሳቱ ይገርማል። ሴፕቴምበር ላይ የቀድሞ ፍቅረኛውን ደብድቦ ታሰረ። አሰልጣኙ ቶም ኦስቦርን አገደው፣ ግን ወቅቱ ሳያልቅ መለሰው፣ ፊኤስታ ቦውል ላይም አሰለፈው። ኦስቦርን ልጁን ከቡድኑ ብንነጥለው ይባስ ይጠፋል ባይ ነበር፤ ብዙዎች ግን ለዋንጫ ሲል ነው አሉ። እኔን የሚያበሳጨኝ፣ ለዋንጫውም ቢሆን አያስፈልጋቸውም ነበር። እሱ ታግዶ ሳለ አማን ግሪን የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እየሮጠላቸው ሁሉንም ሲያሸንፉ ነው የከረሙት። ቡድኑ ምርጥ መሆኑን አልክድም። ስለዚያ ዓመት ሲወራ ግን ይሄም ይወራ።

ዘግይቶ_ደራሽ፦
ስለ ፊሊፕስ ጭራሽ አልሰማሁም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ፊኤስታ ቦውልን ሙሉውን ላየው ነው። @የማያሚ_ልጅ አትቀየም፣ ቀጥሎ የማየው የቦስተን ኮሌጁን ነው 😄