ክርክር፦ ልዩ ልዩ ስልት የሚያገናኝ ተከታታይ ኮንሰርት መራጩ ድምፃዊ ይሁን ወይስ ኮሚቴ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ የሕዝብ አዳራሽ በዓመት ስድስት ምሽት አዝማሪን፣ ጃዝን፣ መዘምራንንና ሂፕሆፕን አንድ መድረክ ላይ የሚያገናኝ ኮንሰርት ሊያዘጋጅ ፈለገ እንበል። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚወስነው ማን ይሁን? በየስልቱ ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ (መድረክ ላይ በቅጽበት ፈጥሮ ማዜም) የሚችል አንድ ድምፃዊ ወይስ የባለሙያዎች ኮሚቴ? "ደስ ይላል፣ አይልም" ብቻ አትበሉ፤ በተግባር የሚሆነውን ጻፉ።

የድምፅ አሠልጣኝ፦
ድምፃዊው ይሁን። ሁለት የማይተዋወቁ ስልቶች ሲገናኙ የሚጋጩት በሦስት ነገር ነው፤ በቁልፍ፣ በምትና በትንፋሽ። ኮሚቴ ወረቀት ላይ "አንቺሆዬ በማሲንቆና በፒያኖ" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ፒያኒስቱ ለማጀብ እጁ የለመደውን የዶ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚና ሶል አብረው) ቢመታ ሚም ሶልም ቅኝቱ ውስጥ ስለሌሉ ወዲያው ይጋጫል። አምባሰል ሶል አለው፣ ሚ ግን የለውም። ሜጀር ትዝታ ግን ዶ፣ ሚ፣ ሶልን በምቾት ይሸከማል። ይህን በጉሮሮው የሚያውቅ ሰው ለፒያኒስቱ "ኮርድ ተው፣ ዶና ፋን ብቻ ያዝልኝ" ይለዋል፣ ችግሩም ልምምድ ላይ ያልቃል። ኮሚቴው የሚሰማው በኮንሰርቱ ምሽት ነው።

ምሳሌም አለ። ቦቢ ማክፈሪን እ.ኤ.አ. በ1984 ያለ አጃቢ፣ ያለ ድርብ ቅጂ (ድምፅ በድምፅ ላይ ሳይደርብ)፣ በድምፁ ብቻ አልበም አወጣ። በ1994 ደግሞ አሜሪካ ሚኔሶታ የሚገኘው የሴንት ፖል ቻምበር ኦርኬስትራ የፈጠራ ኃላፊነት ቦታ ሰጠው። የጃዝ ድምፃዊ ሆኖ ሳለ ለክላሲካል ኦርኬስትራ ፕሮግራም አወጣ፣ መራም።

የአዳራሽ አስተዳዳሪ፦
አልስማማም። ማክፈሪን ብርቅ ሰው ነው፤ በብርቅ ሰው ልክ ደንብ አይሰፋም። በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ አዳራሽ የማያቸው ችግሮች እነዚህ ናቸው። ድምፃዊ መራጭ አብሮት የሠራውን ሰው ይጠራል፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው። በየምሽቱ ራሱ ካልዘፈነ ያላዘጋጀ ይመስለዋል፤ በሦስተኛው ወር ስድስቱ ኮንሰርቶች አንድ ዓይነት ቃና ይይዛሉ። ጉዞ ሲመጣለት ደግሞ ስልኩን የሚያነሳ የለም፤ ፖስተሩ የሚታተምበት ቀን ያልፋል። ኮሚቴ ቢያንስ ቃለ ጉባኤ አለው፤ እገሌ ለምን አልተመረጠም ብሎ የሚጠይቅ መልስ ያገኛል።

የማሲንቆ ተጫዋች፦
አዝማሪ ሲመረጥ ኮሚቴ የሚያየው የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። የአዝማሪ ችሎታ ግን ቪዲዮ ላይ የለም። አድማጩ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ከማሲንቆው ሳይወጣ፣ ቤት ሳይሰብር፣ ሰምና ወርቁን ሳያበላሽ መልሶ በሚያዜምበት ቅጽበት ነው የሚለካው። ይህን የሚመዝን ራሱ ሲዘፍን አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ነው። ጌታቸው መኩሪያን አስታውሱ፤ ሽለላና ፉከራን ከጉሮሮ አውጥተው ሳክስፎን ላይ የጫኑ ሰው ናቸው። ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ሲጫወቱ ያገናኛቸው ያ የፉከራ ትንፋሽ እንጂ የስልት ስም አልነበረም። ድምፃዊቷ እቴነሽ ዋሴም ከፈረንሳይ ተጫዋቾች ጋር ስትሠራ ድምጿን አላለዘበችም፤ እነሱ ናቸው ቦታ የለቀቁላት። ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ አስቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ነው መራጭ መሆን ያለበት።

ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤትም የዚሁ ምስክር ነው። መላኩ በላይ ተወዛዋዥ ነው፤ ኮሚቴ ሳያስፈልገው አዝማሪን፣ ኢትዮ ጃዝንና የውጭ እንግዶችን አንድ ቤት ውስጥ አስቀመጠ።

የአዳራሽ አስተዳዳሪ፦
ፈንድቃ እሱ የሚያስተዳድረው፣ ኪሣራውንም እሱ የሚሸከመው ቤት ነበር። ግብር ከፋዩ የሚከፍልበት፣ እንደ ብሔራዊ ቴአትር ከሺህ በላይ ወንበር ያለው አዳራሽ ሌላ ነው። ልዩነቱን አትዝለለው ወንድሜ።

የሳውንድ ባለሙያ፦
ሁላችሁም መራጩ ላይ ናችሁ፤ ዝግጅቱ የሚበላሽበትን ቦታ ግን ልንገራችሁ። የመረጠው ማንም ይሁን፣ የመድረክ ሥራ የማያውቅ ከሆነ ስድስቱም ምሽት ይወድቃል።

ማሲንቆ። ከቆዳው 10–15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ትንሽ ኮንደንሰር ማይክ በቂ ነው። ከበሮና ቤዝ አጠገብ ከሆነ ግን ሳጥኑና ቆዳው ራሳቸው ሞኒተሩን (ለተጫዋቹ የሚያሰማውን ስፒከር) ይሰሙና ማጓራት ይጀምራሉ። ብዙው ሰው ያኔ ጠቅላላ ድምፁን ይቀንሳል፤ ዘፋኙም መስማት ያቅተዋል። ትክክለኛው የሚያጓራውን ፍሪኩዌንሲ ፈልጎ እሱን ብቻ በጠባቡ መቁረጥ፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ማጥፋት፣ ከዚያ የሞኒተሩን ቦታ ማስተካከል ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው፣ ከፊቱ የሚሰማ ማይክ መስሚያ የሌለው በጀርባው ስለሆነ ሞኒተሩ ቀጥታ ከኋላው ይቀመጣል። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ጠበብ ያለ ማይክ ግን ከጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ ሞኒተሮቹ ከኋላ ወደ ግራና ቀኝ ሰብሰብ ይላሉ። ይህን ሳያዩ ማይክ የሚቀያይሩ ምሽቱን ሙሉ ሲጮህባቸው ያድራል።

አዝማሪ ወደ ሕዝቡ መውረድ ይወዳል። ገመድ አልባ ማይክ ይዞ ከዋናው ስፒከር ፊት ካለፈ ይጮሃል። ወለሉ ላይ በቴፕ መስመር ይሰመር፤ ልምምድ ላይ ይነገረው።

ሳውንድ ቼክ ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጨረሻ የሚጫወተው መጀመሪያ ይፈትሻል፣ መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ፤ የእሱ ዕቃ ተተክሎ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቡድን 30 ደቂቃ፣ ለጋራው ክፍል ቢያንስ 45። በተግባር ሁልጊዜ የሚቆረጠው የጋራው ክፍል ነው፤ ምሽቱ የተዘጋጀው ደግሞ ለእሱ ነው።

ድምፃዊው ሉፕ ፔዳል (ድምፁን ቀድቶ የሚደጋግም በእግር የሚነካ መሣሪያ) ካለው ሁለት ነገር ያስቸግራል። ከበሮ እየተመታ ሉፕ ከቀዳ የከበሮው ድምፅ በማይኩ ገብቶ አብሮ ይደጋገማል፤ በአራተኛው ድርብ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሉፑ ከበሮው ሳይገባ ይቀዳ። ሁለተኛ፣ ሉፕ ሰው አይጠብቅም። ድራመሩ ሉፑን በጆሮ ማዳመጫ ካልሰማ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ምቱ ይለያያል፤ ሕዝቡ ደግሞ ድራመሩ የተሳሳተ ይመስለዋል።

የድምፅ አሠልጣኝ፦
ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ለእኔም ነጥብ ያግዛል። የጋራው ክፍል እንዳይቆረጥ የሚጮኸው መድረኩ ላይ የሚቆመው መራጭ ነው።

መዘምራንን ከሌላ ስልት ጋር ለማስገባት ማክፈሪን የሚጠቀምበት የክበብ አዘማመር ከሁሉም ይቀላል፣ ወረቀትም አይፈልግም። መዘምራኑ በአራት ቡድን ይከፈላሉ። ለወፍራም ድምፆች ሁለት ወይም አራት ባር (የምት ክፍል) የምትሆን አጭር ሐረግ ይሰጣል፤ እስክትረጋ ይደጋገማል። ሁለተኛው ቡድን የሚሰጠው ሐረግ የመጀመሪያው ዝም በሚልበት ክፍተት የሚገባ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ይከተላሉ፤ መሪው በላያቸው በነፃ ያዜማል። ሲጨርስ አንድ አንድ ቡድን በእጅ ምልክት ያወርዳል። የሚበላሸው የመጀመሪያው ሐረግ ሳይረጋ ሁለተኛው ሲጨመር፣ ሐረጉ ከአንድ ትንፋሽ ሲረዝም፣ ወይም ሁሉም አንድ ምት ላይ ሲያርፉ ነው። በባቲና በትዝታ አራቱም ቡድን ሐረግ መያዝ ይችላሉ። በአንቺሆዬ ግን ሁለት ቡድን ዶን ብቻ ይያዝ፣ የተቀሩት ሐረግ ያዚሙ፤ ካልሆነ ዶና ሬ ፍላት፣ ፋና ሶል ፍላት እየተደራረቡ ጆሮ ያደክማሉ።

ችክችካን ከሂፕሆፕ ጋር ለማገናኘትም አንድ ስምምነት ይበቃል። የችክችካው ትልቅ ምት ከሂፕሆፑ ምት ጋር እኩል ይሁን፤ ራፐሩ በእያንዳንዱ ምት ሦስት ቀለም ይዘርዝር። ድራመሩ ትንንሾቹን ምቶች እኩል ካደረገ ስድስትና ስምንት ሆነው ይተላለፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ መያዣ የለውም።

የዜማ ተማሪ፦
መዘምራን ስትሉ አንድ ወሰን ይኑር። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ግዕዙም ዕዝሉም አራራዩም፣ ለሥርዓት የተሠራ ነው። ጽናጽልና መቋሚያ አምጥቶ ከከበሮ ስብስብና ከቤዝ ጊታር ጋር ማሰለፍ የኮንሰርት መራጭ ሥልጣን አይደለም፤ ድምፃዊም ይሁን ኮሚቴ። ለመንዙማም እንዲሁ ባለቤቶቹ ይጠየቁ። ቅኔ ለዕለቱ ተፈጥሮ የሚሰጥ ስለሆነ "ይሄም ኢምፕሮቫይዜሽን ነው" የሚሉ አሉ፤ ባለ ቅኔው የሚታሰርበት የቤትና የምስጢር ሕግ ግን ለጭብጨባ የተሠራ አይደለም። ኮሚቴ ካለ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ውስጡ ይኖራል። አንድ ሰው ብቻውን ሲወስን ግን የሚያስቆመው የለም። ለዚህ ነው ወደ አስተዳዳሪው የማደላው።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ስለ ክፍያ ማንም አላነሳም። አዝማሪ በምግብ ቤት ሲሠራ ገቢው ሽልማት ነው፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፣ ዶላሩ እጁ ይገባል። ቋሚ ወንበር ባለው አዳራሽ ማንም ተነስቶ አይሸልምም፤ ጥበቃውም ይከለክላል። ስለዚህ ለጃዝ ተጫዋቹ የሚከፈለው ያህል ብቻ ከተከፈለው አዝማሪው ከስሮ ይሄዳል። ወይ ክፍያው ሽልማቱን አስቦ ከፍ ይበል፣ ወይ ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ተነስተው መሸለሚያ ቦታ ይከፈት። ሁለተኛው ይሻላል፤ ሽልማት ሲቀር "ተቀበል" የሚለውም ሰው ይጠፋል።

ኒው ዮርክ ውስጥ ሙዚቀኛው ጆን ዞርን እ.ኤ.አ. በ2005 የከፈተው ዘ ስቶን የሚባል ትንሽ ቤት በየወሩ ሌላ ሙዚቀኛ ፕሮግራም እንዲመርጥ ያደርግ ነበር። የመግቢያው ገንዘብ በሙሉ ለተጫዋቾች፤ መጠጥ አይሸጥም። መራጩ ሙዚቀኛ ነው፣ ግን ወር ብቻ ነው ያለው። አድልዎን በኮሚቴ ሳይሆን በጊዜ መገደብ ይቻላል ማለት ነው።

የአዳራሽ አስተዳዳሪ፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። በለንደን ሳውዝባንክ ሴንተር የሚዘጋጀው ሜልትዳውን የሙዚቃ ፌስቲቫልም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ መራጩን በየዝግጅቱ ይቀያይራል፤ በ2002 ዴቪድ ቦዊ፣ በ2015 ዴቪድ ባይርን መርጠዋል። ውሉን የሚፈርመውና ሒሳቡን የሚይዘው ግን የአዳራሹ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ኮሚቴ ስል የፈለግሁት ያንን ቋሚ አጥንት ነው። ድምፃዊው ይምረጥ ከተባለ አራት ነገር በውል ይግባ። ዘመኑ አንድ ዓመት፣ አይታደስ። ራሱ ከስድስቱ ምሽት ከሁለቱ በላይ አይዝፈን። ከእንግዶቹ ቢያንስ ግማሹ ከዚህ በፊት አብሮት ያልሠራ ይሁን። ሥርዓት ያለው ዜማ ሲነካ ወንድማችን ያነሱት ፈቃድ በጽሑፍ ይቅረብ።

የሕግ ባለሙያ፦
አምስተኛ ጨምሩ፤ ቀረጻ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ ወጥ መሆኑንና በጽሑፍ፣ በቅጂ ወይም በሌላ መንገድ መያዙን ይፈልጋል። መድረክ ላይ የተፈጠረ ስንኝ ካልተቀዳ ነፋስ ነው፤ ሲቀዳ ባለቤት ያገኛል። ከዋኙ ደግሞ ክዋኔው እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት አለው። ስለዚህ አዳራሹ "ለማስታወሻ" ብሎ የቀዳውን ያለ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ መጫን አይችልም። ሦስት ሰዎች አብረው ባፈለቁት ዜማ ላይ ድርሻው በእኩል እንደሚካፈል ከመድረክ በፊት በአንድ ገጽ ይፈረም፤ በኋላ ማን ምን እንዳዜመ ለመለየት መሞከር ጠብ ነው። "ተቀበል" ብሎ ስንኝ ያቀበለው አድማጭም አለ። መግቢያው ላይ "ዝግጅቱ ይቀረጻል፤ የሚሰጡት ስንኝ በቅጂው ውስጥ ይገባል" የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ።

የማሲንቆ ተጫዋች፦
የአስተዳዳሪውን አራት ነጥብ እቀበላለሁ፣ ሦስተኛውን ግን አልቀበልም። አብሮ ያልሠራ ሰው ግማሽ ከሆነ የልምምድ ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል፤ አዳራሾች ደግሞ ለልምምድ አይከፍሉም። ወይ ሲሶ ይሁን፣ ወይ ልምምዱ ይከፈል።

የአዳራሽ አስተዳዳሪ፦
ስንት ልምምድ ያስፈልጋል? ሁሉም ነገር መድረክ ላይ የሚፈጠር ከሆነ ልምምዱ ለምን?

የማሲንቆ ተጫዋች፦
ለጋራው ክፍል ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሰዓት። ስንኝና ዜማ አይለመድም፤ ከተለመደ ይሞታል። የሚለመደው አራት ነገር ነው። ቁልፉ፦ ማሲንቆ በዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል፣ ቁልፍ በተቀየረ ቁጥር መቃኛው ይዞራል፣ የፈረስ ጭራው እስኪረጋ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ቁልፍ አይቀየር፤ ሳክስፎኑና ፒያኖው ወደ ማሲንቆው ይምጡ። የመድረክ መብራት ሲሞቅ የጭራው ቅኝት ስለሚዛባ በየክፍሉ መሀል ሁለት ደቂቃ ለመቃኘት ይተው። ምቱ፦ ማን ይቆጥራል፣ ማን ይከተላል። ተራው፦ ከዘፋኙ ቀጥሎ ማን ብቻውን እንደሚወጣ በዓይን የሚሰጥ ምልክት። መጨረሻው፦ አዝማሪ የሚዘጋው ስንኙ ሲሞላ እንጂ ባር ሲሞላ አይደለም። ድራመሩ ከስምንት ባር በኋላ ልዝጋ ካለ ወርቁ ሳይነገር ከበሮው ይቆማል። ዘፋኙ ደጋኑን ከፍ ሲያደርግ ያኔ ሁሉም ያቁም። ለዚህ ስድስት ሰዓት ክፈሉ፣ ግማሹን እንግዳ አድርጉት።

የአዳራሽ አስተዳዳሪ፦
ስድስት ሰዓት በስድስት ምሽት 36 ሰዓት ነው። በጀቱ ላይ እንደ ቁሳቁስ ወጪ ሳይሆን ለብቻው መስመር ይከፈትለት፤ ከድምፅ መሣሪያ ኪራይ ጋር ከተቀላቀለ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።