እርዱኝ! የልጆቹ የፖፕ አርት ሥዕል ተበላሸብኝ፣ ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው

ጠመኔ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አጣዳፊ ስለሆነ በቀጥታ ልግባ። 28 ተማሪዎቼ የራሳቸውን ፊት በፖፕ አርት ስልት እየሣሉ ነው። ትናንት ጥቁሩን መስመር በማርከር አወጡ፣ በጣም ያምር ነበር። ዛሬ ቀለም ሲቀቡ መስመሩ ሟሟና ቢጫው ሁሉ አመድ መሰለ። ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ። ሁለቱማ አለቀሱ። ነገ ጠዋት ወላጆች ይመጣሉ፣ የቀረኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

አመዱ፦ ፊታቸው ጠቆረ ያልሽው የልጆቹን ነው የሥዕሎቹን?

ብሩሽ፦ ችግሩ መቸኮል ነው። መስመሩ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አይቀባም። ይድረቅ።

ጠመኔ፦ አድሮ እኮ ነው የተቀባው! ከትናንት የበለጠ እንዴት ይድረቅ?

ጋሽ ሸራ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፖፕ አርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ተጀምሮ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የገነነ ስልት ነው። ማስታወቂያ፣ ኮሚክ፣ የታሸገ ሾርባ ቆርቆሮ፣ የፊልም ተዋናይ ፎቶ፣ ተራ ተብሎ የተናቀው ሁሉ ሸራ ላይ ወጣ። ሮይ ሊክተንስታይን የርካሽ ኅትመትን ነጠብጣብ አጉልቶ ሣለው። አንዲ ዋርሆል ደግሞ ቀለሙን በሐር ወንፊት እያሳለፈ በማተም አንድን ፊት ደጋገመው። በ1962 የሠራው አንዱ የፊልም ተዋናይቷ የማሪሊን ሞንሮ ሥዕል 50 ፊት አለው። በግራ 25ቱ በደማቅ ቀለም፣ በቀኝ 25ቱ በጥቁርና ነጭ። ከቀኞቹ አንዳንዱ በጥቁር ተጨማልቋል፣ አንዳንዱ ደብዝዞ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ስለዚህ መበላሸት...

አመዱ፦ ጋሽዬ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው፤ እርስዎ ቤቱን ማን እንደሠራው እየነገሩን ነው።

አይጠየቅም፦ እኔ ግን ከመነሻው አልገባኝም። ፎቶ ላይ ወረቀት ደርቦ መገልበጥ ምኑ ነው መሣል? ልጅ መስታወት ፊት ይቀመጥ። ዓይንን ግንባር ላይ የሚሰቅል ልጅ፣ ዓይኑ ከጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ ላይ እንዳለ የሚገባው መስታወት ሲያይ ነው።

ጠመኔ፦ ወንድሜ፣ በመስታወት ነው የሣሉት። ፎቶ የሚል ነገር የት ጻፍኩ?

አይጠየቅም፦ መስታወትም አልጻፍሽም።

ጋሽ ሸራ፦ ዋርሆል ራሱ ከፎቶ ነበር የሚነሣው። የማሪሊን ፊት ከ1953ቱ ፊልሟ የማስታወቂያ ፎቶ የተወሰደ ነው።

የመንታ እናት፦ ጠመኔዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 28ቱም ናቸው የተበላሹት? ማርከሩስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር?

ጠመኔ፦ አይ፣ 13ቱ ደህና ናቸው። ማርከሩ... ወይኔ! የማይለቀው ማርከር መሀል ላይ አልቆብኝ፣ የቀሩት ከልጆች የቀለም ማርከር ፓኬት ጥቁሩን እየወሰዱ ነው የጨረሱት።

የመንታ እናት፦ ይኸው ተገኘ። የልጆቹ ማርከር ከልብስ በቀላሉ እንዲለቅ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ በውኃ ይሟሟል። ዓመት ደርቆ ቢቆይም ውኃ ሲነካው ይነሣል። ለሌላ ጊዜ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫሪና በእርጥብ ጣት እሺው፣ ወዲያው ታውቂዋለሽ። አሁን በ15ቱ ላይ እርጥብ ነገር አይድረስ። ነጭ ቀለም ደርቤ ልሸፍነው እንዳትዪ፣ ጥቁሩ እንደገና ሟሙቶ ይወጣል። መስመሩን በጥቁር ኦይል ፓስቴል (ቅባት ያለው የቀለም ዘንግ ነው) ወይም በክራዮን ወፈር አድርገው ይድገሙት። አመድ የመሰለው ጉንጭ ላይ ባለቀለም ወረቀት ቆርጠው ይለጥፉ፣ ግን በደረቁ ኮላ እንጂ በፈሳሹ አይሁን። እኔ መንታዎቼ ሲያበላሹ ፊቱን ዙሪያውን ቆርጬ ሌላ ደማቅ ወረቀት ላይ ነው የምለጥፈው። ግማሹ ጥፋት ከጀርባው ጋር ይሄዳል።

ብሩሽ፦ ኮላውም በደንብ ይድረቅ።

አመዱ፦ እኔ ሰነፍ ነኝ፣ የሰነፍ ዘዴ ልንገርሽ። ፎቶ ኮፒ አድርጊያቸው። ፈዘዝ አድርገሽ ስታነሽው ቢጫውም ድፍርሱም አብዛኛው ይጠፋል፣ ጥቁሩ መስመር ይቀራል። ሥዕሉ ኤ4 ከሆነ በ50 በመቶ አሳንሺው፤ ያው ፊት 4 ጊዜ አንድ ኤ4 ላይ ይገባል። የሌዘር ኮፒ ጥቁሩ በሙቀት ወረቀቱ ላይ የተጣበቀ ዱቄት ስለሆነ ውኃ አይፈታውም። በቀለም ጠብታ የሚያትመው ፕሪንተር ግን አይሆንም፣ እሱም ሊለቅብሽ ይችላል። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ 4ቱን ፊት በ4 ዓይነት ቀለም ይቀባ። ፊቱ አንድ ቀለም፣ ፀጉሩ አንድ፣ ጀርባው አንድ፣ በቃ። ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ፣ ቢጫ ከሐምራዊ ጎን ለጎን ሲሆን ይጮኻል። በክራዮን ከሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ጋሽ ሸራም ዋርሆልን አገኘሁት ብለው ደስ ይላቸዋል።

ጋሽ ሸራ፦ ደስ ብሎኛል። የሊክተንስታይንን ነጠብጣብ ግን አትርሺ። የእርሳሱን የላጲስ ጫፍ ቀለም ነክሮ መምታት ነው፣ እኩል ክብ ይወጣል።

የመንታ እናት፦ አመዱ፣ ቁም ነገርም ታውቃለህ ለካ! ግን 13ቱ ደግሞ «የእኛስ ለምን አንድ ፊት ብቻ ሆነ?» ብለው እንዳያለቅሱ።

ጠመኔ፦ ለ28ቱም ኮፒ አደርጋለሁ። ደህናዎቹ ዋና ሥዕሎች መሀል ይሰቀላሉ። የኮፒ ክፍሉ ቁልፍ ያለው ሰው 11 ሰዓት ይወጣል፣ ሮጥኩ!

አይጠየቅም፦ ኮፒ ተደርጎ ከተቀባ ያው የማቅለሚያ ደብተር ሆነ ማለት ነው።

አመዱ፦ መስመሩን ራሳቸው ናቸው የሣሉት፣ አንተ ሰው!

የመንታ እናት፦ ጠመኔዬ፣ ሁለት ቀን ሆነው እኮ። እንዴት ሆነ?

ብሩሽ፦ ደረቀ?