ሆስፒታል ውስጥ ተዘግቶብኝ 11ኛ ቀኔ ነው፣ ሌሊቱን እንዴት ልግፋው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ኤኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኘብኝና ኬሞ ጀመሩልኝ። አንዱ መድኃኒት 7 ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ ገባ፣ ሌላው 3 ቀን። እሱ አለቀ፤ አሁን በሽታ የሚከላከልልኝ ነጭ የደም ሴሌ ወርዶ እስኪመለስ ድረስ አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ በጠቅላላው አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል ብለውኛል። ባለቤቴ ማስክ አድርጋ ትገባለች። የ6 ዓመቱ ልጄ ግን ጉንፋን ስለያዘው መምጣት አይችልም። ቀን ቀን እንደምንም ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስነቃ ነው ጉዱ። «አይዞህ፣ ጸልይ» አትበሉኝ፣ እሱን እያደረግሁ ነው። እናንተ በምን አለፋችሁት?

የደብረ ብርሃኗ፦
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። እኔ 31 ቀን ተኝቻለሁ። አራት ሳምንት ብለህ አትቁጠር፣ ያሳብድሃል፤ እስከ ምሳ፣ ከዚያ እስከ ማታ ብቻ አስብ። ጠዋት የሆስፒታሉን ልብስ አውልቀህ የራስህን ቱታ ልበስ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ እኔን ግን ያቆመኝ እሱ ነው። ከአልጋ እስከ በር እየተመላለስኩ እራመድ ነበር፣ አንዳንድ ቀን አምስት ዙር ብቻ። ፀጉርህ መርገፍ ሲጀምር ትራሱ ላይ እያየህ ከምትቃጠል በማሽን ያንሱልህ። ምላጭ ግን አይሆንም፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ሲወርድ ትንሽ ጭረትም ትደማለች።

ነርስ ነኝ፦
እንቅልፍህን የሚሰብረው ግፊትና ሙቀት ለመለካት የሚገቡት ከሆነ፣ መድኃኒቱንና ልኬቱን በአንድ ጊዜ እንዲያደርጉት ጠይቅ፣ የሚቻልበት ቀን አለ። ጭንቀቱንም ሳታፍር ንገራቸው፣ ሶሻል ወርከር ይላኩልሃል። ብርድ ብርድ ካለህ ወይም ሙቀትህ 38 ከገባ ደወሉን ተጫን፣ እስኪነጋ እንዳትጠብቅ! ከቤት ምግብ ካማረህ መጀመሪያ አስፈቅድ። በደንብ የበሰለ ትኩስ ሽሮ ብዙ ቦታ ይፈቅዳሉ፣ ክትፎና ሰላጣ ግን ይቆይ። ዘመድ ጠበል ካመጣልህም ሳትጠጣ ለሐኪምህ ንገር። በዚህ ጊዜ እንኳን የምንጭ ውሃ፣ የአበባ ማስቀመጫ ውሃም ክፍሉ አይገባም።

ቡና ጠጡ፦
ወንድሜ እንዳንተው ተዘግቶበት ነበር። ያንተ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት እኮ አገር ቤት ረፋድ ነው! እናታችን ቡና ስታፈላ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስደግፋ ታስቀምጥለት ነበር። ብዙም አያወሩም። ጎረቤት ይመጣል፣ ይታማል፣ እሱ ጋደም ብሎ ይሰማል። «ሽታው ብቻ ቀረብኝ» ይል ነበር። ለልጅህ ደግሞ ስልክ ላይ «እንዴት ዋልክ» ብትለው በሁለት ደቂቃ ይሰለቸዋል። ማታ ማታ ተረት ንገረው።

ጠያቂ፦
ኑሩልኝ። ቱታው መጣ። ሌሊት እማዬ ጋ ደወልኩ፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋው ነው የነጋው። ልጄን ትናንት «ተረት ተረት» ስለው «የላም በረት» ብሎ ጮኸ፤ መሃል ላይ ጠፍቶብኝ ቀበሮዋን ጦጣ ብያት አረመኝ። ነጭ የደም ሴሌ ዛሬም ወለል ላይ ነው። ለማታ የጅቡንና የአህያዋን አዞኛል፣ መጨረሻውን የሚያስታውስ ካለ ይጻፍልኝ።