ሦስት ሳምንት በኒውዚላንድ፦ ሰሜኑ ደሴት ይሻላል ወይስ ደቡቡ?

የዱባዩ መንገደኛ፦

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔና ባለቤቴ በጃንዋሪ ወር የምናገኘውን የሦስት ሳምንት ፈቃድ ኒውዚላንድ ለማሳለፍ ቆርጠን ተነሥተናል። የምንሠራው ዱባይ በመሆኑ እስከ ኦክላንድ ቀጥታ በረራ አለን፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለምንጓዝም የጎብኚ ቪዛውን አስቀድመን በኢንተርኔት አመልክተን፣ የባንክ ስቴትመንታችንንና የአሠሪዎቻችንን ደብዳቤ አያይዘን አግኝተናል። የቸገረን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። አንዳንዱ ደቡቡን ደሴት ብቻ እንድናይ ይመክረናል፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም በመኪና ማዳረስ እንደሚቻል ይነግረናል። ከከተማ ይልቅ ተራራና ውሃ እንወዳለን፤ ስሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በእግራችን ስለተጓዝን ቀኑን ሙሉ መራመድ አያስፈራንም። ባለቤቴ በበኩሏ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የማኦሪዎችን ባህል ለቱሪስት ከሚቀርበው ጭፈራ ባለፈ ማወቅ ትፈልጋለች። ቀናችንን እንዴት ብንከፋፍለው ይበጃል? ከቤትስ ምን ይዘን እንሂድ?

ባለ ድንኳኑ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በመጀመሪያው ጉዞዬ ሁለቱንም ደሴቶች በአሥራ አራት ቀን ለመጨረስ ስሞክር አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት መሪ ጨብጬ ነበር። አገሪቱ ካርታ ላይ ትንሽ ትምሰል እንጂ መንገዷ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ከኩዊንስታውን እስከ ሚልፎርድ ሳውንድ ያለው 290 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ያውም የትም ሳይቆሙ ቢነዱት ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው ግን አላየሁም። ስለዚህ የእኔ ምክር ቀናችሁን ሁሉ ለደቡቡ እንድትሰጡት ነው።

ሚልፎርድን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አታድርጉት። ቴ አናው በምትባለው ትንሽ ከተማ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ከእሷ የሚቀረው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ ሳውንድ ቢባልም ቦታው በበረዶ ግግር የተቦረቦረና የባሕር ውሃ የሞላው ገደላማ ሸለቆ፣ ማለትም ፊዮርድ ነው። በዓመት ከ6,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚዘንብበት፣ ዝናብ ከጣለባችሁ እንዳታዝኑ። እኔ የገባሁት እየዘነበ ነበር፤ በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ባዶ ድንጋይ ሆኖ ያገኘሁት ገደል ሁሉ በዚያ ቀን ከላይ እስከ ታች ነጭ ፏፏቴ ይወርድበት ነበር፤ ነፋሱም አንዳንዱን ፏፏቴ ውሃ ላይ ሳይደርስ መልሶ ወደ ላይ ይበትነው ነበር። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የሆመር ዋሻ አፍ ላይ ተራ ስትጠብቁ፣ ኬያ የሚባለው አረንጓዴ የተራራ በቀቀን ይመጣባችኋል። የእኛ መኪና ጣሪያ ላይ አንዱ ዐርፎ የመስኮቱን ጎማ በመንቁሩ መጎተት ሲጀምር፣ ክንፉን ገለጥ ሲያደርግ ከሥሩ እሳት የመሰለ ብርቱካናማ ላባ አየን። እባካችሁ ምግብ አትስጡት፤ ከሰው እጅ መብላት መልመዱ ለራሱ ለወፉ አደጋ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ስትመለሱ የቴካፖ ሐይቅ አለላችሁ። ሰማያዊነቱ በፎቶ ላይ የተጨመረ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የበረዶ ግግር ተራራውን ሲፍቅ የሚያወጣው ዱቄት የመሰለ የድንጋይ ብናኝ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ከከተማ መብራት የራቀ በመሆኑ አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይጠበቃል። በጃንዋሪ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃን ስለሆነ ኮከብ ለማየት ማምሸት ግድ ይላችኋል።

ስለ መንዳትም አንድ ነገር ልጨምር። በግራ በኩል መንዳት በሁለት ቀን ይለመዳል፤ እንግዳውን የሚያሳስተው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፈው ድልድይ ነው። ምልክቱ ላይ በእናንተ በኩል ያለው ቀስት ትንሽና ቀይ ከሆነ ቆማችሁ ታሳልፋላችሁ።

ከኦክላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ባለ ድንኳኑ ስለ ሚልፎርድ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ሰሜኑን ዝለሉ በሚለው ግን አልስማማም፤ ባለቤትዎ የጠየቀችው ነገር በብዛት የሚገኘው ሰሜኑ ደሴት ላይ ነውና። ኦክላንድ ማረፋችሁ ካልቀረ፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንትና ዘጠኝ ቀናት እዚሁ አሳልፋችሁ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ በአውሮፕላን ብትሻገሩ ለመንገድ የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል።

እኔ ብሆን ከዋይታንጊ እጀምራለሁ። ከኦክላንድ ወደ ሰሜን ከሦስት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጉዞ ነው። የማኦሪ አለቆችና የእንግሊዝ ዘውድ ተወካይ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1840 ውል የተፈራረሙት እዚያ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አለቆቹ ሙሉ የሉዓላዊነት ሥልጣናቸውን እንዳስረከቡ ይናገራል፤ አብዛኞቹ የፈረሙበት የማኦሪው ጽሑፍ ግን የሚሰጠው ‘ካዋናታንጋ’ የተባለውን የማስተዳደር ሥልጣን ሲሆን፣ በመሬታቸውና በንብረታቸው ላይ ያላቸውን አለቅነት ለራሳቸው ያስቀርላቸዋል። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 በትምህርት ቤት የተማረ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ማስረዳት አያስፈልገውም። እኔ ከአስጎብኚያችን አፍ ስሰማው ሰውነቴን ወረረኝ። የእኛው በዐድዋ ተቋጨ፤ የእነርሱ ክርክር እስከ ዛሬ በፍርድ ቤትና በፓርላማ ቀጥሏል፤ ይህን ሳያውቁ አገሩን መጎብኘት መልኩን አይቶ መመለስ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሮቶሩዋ ነው። ፋካሬዋሬዋ በተባለው መንደር ሰዎች ዛሬም ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ምግብ ያበስላሉ፤ በቆሎውን በመረብ ከረጢት አድርገው የሚፈላው ምንጭ ውስጥ ይነክሩታል፣ ከደቂቃዎች በኋላም በልቶ ማየት ነው። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1886 የታራዌራ እሳተ ገሞራ መንደራቸውን ቀብሮባቸው እዚህ የሰፈሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። አስጎብኚዎቹም ራሳቸው ስለሆኑ የምትሰሙት የቤተሰባቸውን ታሪክ ነው።

ለእግር ጉዞ ደግሞ ቶንጋሪሮ በተባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች መሐል የሚያልፈውን መንገድ እንዳታልፉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል፤ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቦታ የተለያየ በመሆኑ በሚኒባስ ነው የሚደረሰው። ከፍተኛው ነጥብ 1,900 ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ይንቀዋል፤ እኔም ንቄው ነበር። እዚያ የሚያደክመው ከፍታው ሳይሆን ነፋሱ ነው። በበጋም ቢሆን ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ቀትር ላይ በረዶ ሊጥል ስለሚችል የዝናብ ጃኬትና ሙቅ ልብስ ሳትይዙ አትውጡ። ባለ ሚኒባሱ የአየሩ ሁኔታ አያስኬድም ካላችሁም እሺ በሉ፤ ለዚህ ሲባል አንድ ትርፍ ቀን ያዙ። ከላይ የምታዩዋቸው አረንጓዴ ሐይቆች ለማኦሪዎች ቅዱስ በመሆናቸው ውሃቸው አይነካም፤ የተራሮቹ ጫፍም ላይ እንዳይወጣ ይለምናሉ። እነዚህን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1887 ሆሮኑኩ ቴ ሄውሄው ቱኪኖ የተባሉት አለቃ ተሸንሽነው እንዳይሸጡ ሲሉ ለሕዝብ ጥበቃ አሳልፈው ሰጧቸው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክም ከዚያ ተወለደ። ላሊበላ ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው ውሃውን አትንኩ መባሉ አይከብደውም ብዬ አምናለሁ።

ውሃ እንወዳለን ስላሉ የዋንጋኑይ ወንዝንም አስቡበት። በታንኳ እየቀዘፉ ሦስት ወይም አምስት ቀን የሚወርዱት ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሕግ ወንዙ እንደ ሰው መብት ያለው ሕጋዊ አካል ሆኗል፤ የወንዙ ሕዝብ ‘እኔ ወንዙ ነኝ፤ ወንዙም እኔ ነው’ የሚል አባባል አለው።

ስንቅ ያዥ፦

ከቤት ስለሚያዘው ነገር እኔ ልመልስ። እህል፣ ቅመም፣ የተፈጨ ነገር ወይም ማንኛውንም የሚበላ ከያዛችሁ ወደ አገሩ ከመግባታችሁ በፊት በምትሞሉት የመንገደኛ ቅጽ ላይ አሳውቁ። ማሳወቅ ቅጣት የለውም፤ መርማሪው አይቶ ያሳልፈዋል ወይም ያስቀረዋል። ሳያሳውቁ መገኘት ግን በቦታው 400 የኒውዚላንድ ዶላር ያስቀጣል። ማርና ቅቤ ጨርሶ አትያዙ። እኔ በርበሬዬንና የተቆላ ቡናዬን አሳውቄ አልፌያለሁ፤ ያስቆመኝ የተራራ ጫማዬ ነው። መርማሪዋ ጫማውን ገልብጣ ሶሉ መሐል የደረቀች የጭቃ ፍንጣሪ በጣቷ አሳየችኝና ወስዳ አጥባ መለሰችልኝ። ስሜን የወጣችሁበትን ጫማ ከመነሣታችሁ በፊት በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡት፤ ድንኳንም ከያዛችሁ ካስማው ላይ አፈር እንዳይኖር። ለደቡቡ ደግሞ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋችኋል፤ በወንዝና በባሕር ዳር ያለው ጥቃቅን ጥቁር ዝንብ ንክሻው ለቀናት ያሳክካል።

የዱባዩ መንገደኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘጠኝ ቀን ለሰሜኑ፣ ቀሪውን ለደቡቡ አድርገን ከሮቶሩዋ በኋላ በአንድ የማኦሪ መሰብሰቢያ ግቢ ለማደር አሰብን። ባለቤቴ ግን አንድ ጥያቄ አላት። በአቀባበሉ ላይ እንግዶች እንዲዘምሩ እንደሚጠበቅ አንብባለች፤ የእነርሱን ዜማ አናውቅም፤ ምን ይሻላል?

ከኦክላንድ፦

በመጀመሪያ ከግቢው በር ውጭ ጠብቁ፤ ከውስጥ አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አብራችሁ ትገባላችሁ። ንግግር ይደረጋል፤ ከእንግዶች ወገንም አንድ ሰው ይመልሳል፤ እርሱ ሲጨርስ ጓደኞቹ ተነሥተው ንግግሩን በዜማ ያጸኑለታል። ከዚያ አፍንጫና ግንባር አገናኝቶ እስትንፋስ መጋራት ይመጣል፤ አትቸኩሉ፣ ዐይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ቀረብ በሉ። ወደ ቤቱ ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ፤ ጠረጴዛ ላይ አትቀመጡ።

ዜማውን በተመለከተ በራሳችሁ ቋንቋ ብትዘምሩ ደስ ይላቸዋል። ከማኅበራችን ጋር የሄድን ጊዜ እኛ ሴቶቹ ልጅ ሆነን በየቤቱ የምንዘፍነውን የአዲስ ዓመት ዘፈን አንዷ እያወጣች ሌሎቻችን እየተቀበልን በጭብጨባ ዘፈንን። ከፊት የተቀመጡት አሮጊት ቃሉን ባይረዱም የመቀበሉን ሥርዓት ወዲያው ያዙት፤ በሦስተኛው ዙር አብረውን እየተቀበሉ ነበር።