አንድ ደህና ቢላ ልገዛ ነው፤ የቱን ልምረጥ?

ችኩሏ፦

ሰላም ወገኖች። ቤት ውስጥ በየቀኑ የማበስለው እኔ ነኝ። ያሉኝ ቢላዎች ከነእንጨት ማስቀመጫቸው በስጦታ የመጡ ናቸው። ብዛታቸው ለጉድ ነው፤ የሚቆርጥ ግን የለም። ቲማቲም ላይ ሳሳርፋቸው ቆዳው ይጨማደድና ውስጡ ይፈርጣል። ሽንኩርቱንማ ተዉት፣ አልቅሼ ነው የምጨርሰው።

አሁን ሁሉንም ትቼ አንድ ደህና ቢላ ልገዛ ቆርጫለሁ። ሱቅ ገብቼ ሳይ ግን ግራ ገባኝ። አንዱ የጀርመን ነው፤ ከበድ፣ ደልደል ያለ። ሌላው የጃፓን ነው፤ ቀላልና ስስ። ሦስተኛው ላይ ሞገድ ሞገድ የሚል ጌጥ አለበት። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ የቀረው እሱ ላይ ነው። ሻጩ «67 ድርብርብ ብረት ነው» ብሎኛል።

እጄ ትንሽ ነው። ሥጋም ዓሣም አትክልትም እሠራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ያገኘውን ቢላ ሁሉ እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይወረውራል። ምን ትመክሩኛላችሁ? በጣም ስለታም ቢላ ቤት ውስጥ መኖሩስ አያሰጋም?

ደረቅ እውነት፦

ለቤት ምግብ ይሄ ሁሉ ምርምር ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። እንደ ቪክቶሪኖክስ ያለ ፕላስቲክ እጀታ ያለው ቀላል ቢላ ገዝተሽ ተገላገይ። ስንት ባለሙያ የሚሠራበት ቢላ ነው። ሲደነዝ ማሳል ነው፣ አለቀ።

ሞረድ በእጄ፦

ሥራዬ ቢላ መሳል ነው። የሰው ቢላ ምን ምን እንደሚደርስበት ስለማይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትፍረዱብኝ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ጌጡ ልንገርሽ። ሞገዱ ያለው ከላይ በተደረበው ብረት ላይ ነው። የሚቆርጠው መሃል ላይ የተቀበረው አንድ ወጥ ብረት ነው። ቢላውን ብርሃን ላይ አድርገሽ ጠርዙን ብታዪው ጌጡ ከስለቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በታች ልሙጥ ነው። አንዳንዱማ ጌጡ በላዘር የታተመ ብቻ ነው። 67 ይሁን 33 ሽንኩርቱ ምን ገዶት! ካማረሽ ግዢው፣ ዓይንም ድርሻ አለው። ጥራትን እዚያ መፈለግ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሻጩን የመሃሉ ብረት ምን እንደሆነ ጠይቂው።

የጀርመንና የጃፓን ልዩነት በዋናነት ጥንካሬ ላይ ነው። የብረት ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል። የተለመደው የጀርመን ቢላ ከ55 እስከ 58 አካባቢ ነው። ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች 60ና ከዚያ በላይ ናቸው። ጠንካራ ብረት ስስ ስለት ይሸከማል፤ ቶሎም አይደነዝም። ስለዚህ የጃፓኑ በእያንዳንዱ ጎን 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ ባነሰ ይሳላል። የጀርመኑ በልማድ ወደ 20 ይጠጋል፤ አሁን አሁን ግን እነሱም እያሳነሱት ነው።

ታዲያ ጥንካሬው በነፃ አይደለም። ለስላሳ ብረት ሲጎዳ ስለቱ ይታጠፋል። ጠንካራው ይሸረፋል። የታጠፈው በብረት ዘንግ ላይ ጥቂት ጊዜ ሲታበስ ይቃናል። የተሸረፈው ግን ጎደሎው እስኪጠፋ ድረስ ብረቱን መፋቅ ይጠይቃል። ወደኔ የሚመጡ የጃፓን ቢላዎች ስለታቸው በጥፍር ሲዳበስ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ባለቤቶቹን ስጠይቅ ወይ አጥንት ነው፣ ወይ በረዶው ያልለቀቀ ሥጋ፣ ወይ ቢላውን ዱባ ውስጥ ሰክቶ መጠምዘዝ።

ከባዶቹ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እጀታው ከብረቱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ወፍራም የብረት ትከሻ አላቸው። ትከሻው እስከ ስለቱ ድረስ ከወረደ ሲሳል ድንጋዩ ላይ ይጋጫል። ከዓመታት በኋላ ስለቱ ተበልቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ትከሻው ግን ባለበት ይቀራል። ያንን ቢላ ስለቱን ወደ ታች አድርገሽ መክተፊያ ላይ ብታቆሚው ከሥሩ ብርሃን ያሳልፋል። የከተፍሽው ሽንኩርት ሁሉ እዚያ ጋ ሳይለያይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብዙ ሰው «ደንዞብኛል» ብሎ የሚያመጣው እንዲህ ያለውን ነው። ከባዱን ከወደድሽ ትከሻው ስለቱ ጋ ሳይደርስ የሚቆመውን ምረጪ።

አሁን እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ነገር፦ ከስለቱ ጀርባ ያለው ውፍረት። ቢላውን በጫፉ በኩል ወደ ዓይንሽ አዙረሽ እዪው። ከጀርባው ወደ ስለቱ ሲወርድ እየሳሳ መሄድ አለበት። ወፍራም ከሆነ የቱንም ያህል ቢሳል ካሮት ላይ እንደ መጥረቢያ ነው፤ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። «ቷ» የሚል ድምፅ ስትሰሚ እሱ ነው። ለዚህ ነው «ደረቅ እውነት» የጠቀሰው ርካሽ ቢላ ብዙ ውድ ቢላ የሚያስንቀው። ከዝርግ ብረት የተቆረጠ ነው፣ ስስ ነው።

«በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው» የሚለው ወሬ ብዙም አይግረምሽ። ዋናው የእሳቱ ሥራ ነው፤ ብረቱ ምን ያህል ጋለ፣ እንዴት ቀዘቀዘ፣ ተመልሶ በስንት ዲግሪ ሞቀ። አንድ ዓይነት ብረት ሁለት ፋብሪካ ገብቶ አንዱ ስለት ይይዛል፣ ሌላው አይይዝም። ይሄ በዓይን አይታይም። ስም ያለው አምራች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የጀርመኗ የቢላ ከተማ የዞሊንገን ስም ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማንም ተነስቶ ቢላው ላይ አይጽፈውም።

ላንቺ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለው ሳንቶኩ ይበቃሻል፤ ለሥጋም ለዓሣም ለአትክልትም የሚሆን የጃፓን ቢላ ነው። ሱቁ ውስጥ ስትይዢው እጀታውን ብቻ አትጨብጪ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብረቱን ከእጀታው አጠገብ ቆንጠጥ አድርጊው። የጀርባው ጠርዝ ካልተለሰለሰ እዚያው ይታወቅሻል፤ ጣት ይልጣል። ከሱ ሌላ ለልጣጭ መላጫ አንድ ትንሽ፣ ለዳቦ አንድ ባለ ጥርስ ካለሽ ቤቱ ሞላ። የተረፈሽን ብር 1000 ቁጥር መሳያ ድንጋይ ግዢበት፤ ቁጥሩ የድንጋዩን ልስላሴ ነው የሚያሳየው።

ስለ ስጋቱ፦ ዱልዱም ቢላ ስለማይገባ በጉልበት ትገፊዋለሽ። ሲያመልጥሽ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ጣትሽ ላይ ነው። እንባውም ከሱ ነው፤ ዱልዱሙ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ በብዛት ይወጣል። ስለታሙም ቢሆን ይቆርጣል እኮ፣ አልዋሽሽም። የግራ እጅሽን ጣቶች ጫፍ ወደ ውስጥ ማጠፍ ልመጂ፤ ቢላው የጣትሽን አንጓ ተደግፎ ይውረድ።

ዝገት አይፈሬ፦

ሁላችሁም ስለማይዝግ ብረት ብቻ ታወራላችሁ። የካርቦን ብረት የያዘ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። የማይዝገው እንዳይዝግ የሚያደርገው ክሮሚየም ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ አለው። የኔ ቢላ ያ የለውም። ድንጋይ ላይ ወዲያው ነው ስለት የሚያወጣው። ሥጋና ሽንኩርት ሲነካው ሰማያዊ፣ ግራጫ እየሆነ ይሄዳል። ዝገት አይደለም፤ እንዲያውም ከቀይ ዝገት ይከላከልለታል። ቆርጦ ወዲያው መወልወል ነው።

ሞረድ በእጄ፦

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። እኔም ስስለው ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ግን ባሏን አስብ! የካርቦን ቢላ ማሽን ውስጥ ገብቶ ካደረ ጠዋት ላይ ቀይ ሆኖ ነው የምታገኘው። የማይዝገውም ቢሆን አይመቸውም። ሙቀቱና ሳሙናው አንድ ነገር ነው፣ ከሳህን ጋር መጋጨቱ ሌላ። የእንጨት እጀታ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ችኩሏ፦

ኧረ ይመቻችሁ! ባለቤቴን አስነብቤዋለሁ፣ «ከእንግዲህ አልነካም» ብሏል፤ እናያለን። ሳንቶኩውን ልይዝ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ድንጋዩ አስፈራኝ። ከስጦታዬ ጋር የመጣ ቢላ የሚጎተትበት ትንሽ መሳያ አለኝ፣ እሱ አይበቃም?

ሞረድ በእጄ፦

ለአሮጌዎቹ ይሁን፤ ለሳንቶኩ ግን አይሆንም። ያ ነገር ብረቱን እየቦጨቀ ነው የሚስለው። ጠንካራ ብረት ሲሆን ጥርስ ጥርስ ያወጣዋል።

ድንጋዩ አያስፈራም። አርጥቢው፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊለት እንዳይንሸራተት። የብረቱ ወርድ 4.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 12 ሚሊ ሜትር ያህል አንሺው፤ 15 ዲግሪ ማለት እሱ ነው። ማዕዘኑን ሳትቀይሪ ወዲያ ወዲህ እሺው። ቆይቶ በማዶው በኩል ከስለቱ ወደ ውጭ በጣትሽ ስትዳብሺ ሸካራ ነገር ይይዝሻል። የተገለበጠ ቀጭን ብረት ነው፤ ከተረከዝ እስከ ጫፍ እስኪሰማሽ ድረስ ቢላውን አትገልብጪ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሰለቸው። ከዚያ ሌላውን ጎን እንዲሁ አድርጊ፣ መጨረሻ ላይ እጅሽን እያቀለልሽ ሁለቱንም ጎን እያፈራረቅሽ ሳቢው። ቲማቲም ላይ ሳትጫኚ በራሱ ክብደት ከገባ ጨርሰሻል። መጀመሪያ በአሮጌዎቹ ተለማመጂ።

መክተፊያሽስ ምንድን ነው? እንጨት ወይ ፕላስቲክ መሆን አለበት።

ችኩሏ፦

ኧረ ጉዴ፣ መስታወት ነው! አበባ የተሳለበት።

ሞረድ በእጄ፦

ታዲያ ቢላዎችሽ ምን ያድርጉ! ፍራፍሬ አቅርቢበት። ቢላ ግን አይንካው።